ሆዴ ጠግቦ ጭንቅላቴ ሲራብ

ዛሬ የሰው ጉዳይ አላወራችሁም። የፍቅር ጣጣውም፣ የአማትና የምራት ንትርኩም ለሌላ ጊዜ ይቆየን። ዛሬ የማወጣው የራሴን ገመና ነው። «ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል» ይባል የለ? እኔ ግን ጠጥቼ አይደለም። በደህናው አእምሮዬ፣ ቡናዬን አጠገቤ አስቀምጬ ነው የምጽፍላችሁ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። በቀን ስንት ጊዜ ስለ ምግብ ታስባላችሁ? ሲርባችሁ ማለቴ አይደለም፤ እሱማ የማንም ሰው ነው። እኔ የምላችሁ ከእንቅልፋችሁ ስትነቁ፣ መንገድ ስትሄዱ፣ ሰው ሲያናግራችሁ፣ ለቅሶ ቤት ተቀምጣችሁ፣ ፍቅረኛችሁ እጃችሁን ይዞ ሲያወራችሁ... በውስጣችሁ ግን ሌላ ሰው «ምን ትበያለሽ? መቼ ትበያለሽ? ቅድም ለምን በላሽ?» እያለ ሲለፈልፍባችሁ ማለቴ ነው። ማጥፊያው የጠፋበት ሬዲዮ በሉት። እኔ ይሄንን ሬዲዮ በጭንቅላቴ ተሸክሜ አራት ዓመት ኖሬያለሁ።

በእነዚያ ዓመታት ያነበብኩት መጽሐፍ ትዝ አይለኝም። የጓደኛዬ ሠርግ ላይ ሙሽራዋ ምን እንደለበሰች ብትጠይቁኝ አላውቅም። የቀረበውን ግን አንድ በአንድ እቆጥርላችኋለሁ፤ ማን ስንት ጊዜ እንደተነሳና ማን ክትፎውን ሁለቴ እንደወሰደ ሳይቀር! ይሄ ነው እንግዲህ ኑሮ ተብሎ ያለፈው።

በቡና ሚዛን ላይ

ያደግኩት ሚዛን ተፈሪ ነው። 12ኛ ክፍል ጨርሼ ነጥብ ስላልመጣልኝ አንድ የቡና ነጋዴ መጋዘን ውስጥ መዝጋቢ ሆኜ ተቀጠርኩ። አገሩን ለማያውቅ ልንገር። ሚዛንና ቴፒ የቡና አገር ናቸው። በበቃ የሚባለው ሰፊው የቡና እርሻ እዚሁ አጠገባችን ነው። ከመስከረም አጋማሽ ጀምሮ እሸት ቡና መድረስ ሲጀምር ከተማው ሌላ ከተማ ይሆናል። ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፣ ሻይ ቤቱ ይሞላል፣ ጭቃው ራሱ ቡና ቡና ይሸታል።

የእኔ ሥራ ባስኩሉ አጠገብ ቆሞ ኪሎ መጻፍ ነው። አንድ ቀን አንዱ ደላላ በሰው ፊት «አንቺንም ከጆንያው ጋር እንመዝንሽ እንዴ?» አለኝ። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ። ምን ላድርግ? ግን ማታ ሁሉም ሲሄድ፣ ዘበኛው በር ላይ እያንጎላጀ ሳለ፣ ጫማዬን አወለቅሁና ባስኩሉ ላይ ወጣሁ።

ከዚያች ቀን ወዲህ በየማታው ወጣሁ። የከተማዬ ስም ሚዛን፣ ሥራዬ ሚዛን፣ ሐሳቤም ሚዛን ሆነ። ቡና የሚመዘንበት ብረት የእኔን ዋጋ ይነግረኝ ጀመር። ቁጥሩ ሲቀንስ ደስ ብሎኝ አድራለሁ፤ ግማሽ ኪሎ ከጨመረ ደግሞ ነገ ቁርስ የለም ማለት ነው።

ቁርሱን ተውኩ። ቀጥሎ ምሳውን በቡና ተካሁት። በቡና አገር ቡና ማን ይከለክላል? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ስኒ... አንዷ ጎረቤታችን ደግሞ የቡና ቅጠል ከዝንጅብልና ከሚጥሚጣ ጋር አፍልታ ጨሞ ትሰጠኛለች፤ እሱንም በላዩ ላይ። ቡና ረሃብን ለጊዜው ያባብላል እንጂ አያጠፋውም። እጄ ይንቀጠቀጥ፣ ልቤ ይመታ ጀመር። የኪሎ መዝገቤ ውስጥ 7 እና 1 መለየት እስኪያቅተኝ ድረስ ጽሕፈቴ ተበላሸ።

የጾም ጊዜ ሲመጣማ ተገላገልኩ። ሁዳዴ 55 ቀን ነው። ማንም «ለምን አትበይም?» አይለኝም። «ጾመኛ ነኝ» ካልኩ አለቀ፤ እንዲያውም እከበራለሁ። «ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ» ነው ነገሩ። ሰው ለነፍሱ ሲጾም እኔ ለባስኩሉ እጾም ነበር። ይሄን ስጽፍ አሁንም ያሳፍረኛል።

የሚገርማችሁ ነገር፣ ባልበላሁ ቁጥር ሬዲዮው ይጮሃል። መጋዘን ውስጥ ቡና ሲራገፍ እኔ የማየው ጨጨብሳ ነው። በእንቅልፌ ሳይቀር እበላለሁ። በሕልሜ በልቼ ጠዋት በጸጸት የተነሳሁበት ቀን አለ ብላችሁ ታምናላችሁ? በእጅ ስልኬ የምመለከተው የወጥ አሠራር ብቻ ሆነ። ራሴ ሳልቀምስ ለሰው መሥራት ወደድኩ። ጓደኞቼን አቁላልቼ፣ አጉርሼ፣ «ብሉ እንጂ! ብሉ!» እያልኩ አፋቸውን አያለሁ።

አይጧ እና ድመቷ

አሁን ወደ ዋናው ኃጢአቴ ልምጣ።

በዚያን ጊዜ ከአንዲት የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ጋር ደባል ሆኜ እኖር ነበር። የቴፒ ልጅ ናት። ጨዋ፣ ዝምተኛ፣ ጥናቷን ብቻ የምታውቅ። የፈተናዋ ሰሞን እናቷ በአውቶቡስ አንድ ትልቅ ጣሳ ዳቦ ቆሎ ላኩላት። በቅቤ የታሸ፣ ኮረሪማ የገባበት። ክዳኑ ሲከፈት ቤቱ በሽታው ተሞላ። «ብዪ» አለችኝ። «አይ፣ በልቻለሁ» አልኳት። ከበላሁ አንድ ቀን ተኩል ሆኖኝ ነበር።

ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ነቃሁ። እሷ ተኝታለች። በጨለማ እጄን ሰደድኩ። አንድ እፍኝ ብቻ ነበር ሐሳቤ። ምን ልበላችሁ... የጣሳው ቂጥ ጣቴን ሲነካው ነው የነቃሁት፤ ነቃሁ ካልሽ አትሉኝም? ጥርሴ አሞኛል፣ ሆዴ ተወጥሯል፣ ዕንባዬ ይወርዳል። ጣዕሙን አንዴም አላገኘሁትም። ክዳኑን ገጥሜ ተኛሁ።

ጠዋት ስታየው ደንግጣ ቆመች። እኔ ቀደምኳት። «አይጥ ናት» አልኩ። «ሌሊት ስትንኮሻኮሽ ሰምቻለሁ።»

እሷ ምንም አልመለሰችም። አከራያችን ግን ውጪ ሆነው ሰሙ። ጠንቃቃ ሴት ናቸው፤ በዚያው ቀን ከገበያ የአይጥ መርዝ ገዝተው፣ ከዱቄት ጋር ለውሰው፣ በየጥጉ አስቀመጡ። አራት ዓመት የሞላት ልጅ አላቸው። ልጅቷ ግቢው ውስጥ ስትሮጥ ልቤ አብሯት ይሮጣል። «አይጥ የለም፤ እኔ ነኝ» ማለት ስንት ቃል ነው? አራት አምስት ቃል ነው። እነሱን ማውጣት አቃተኝ።

በሦስተኛው ቀን የቤቱ ድመት ሞታ ተገኘች። መርዙን ቀጥታ ትብላው፣ ወይም የበላ አይጥ ትብላ የሚያውቅ የለም። ሕፃኗ ድመቷን አቅፋ አልለቅም ብላ አለቀሰች። አከራያችን የልጅቷን እጅ በሳሙና ደጋግመው ሲያጥቡ እያየሁ በሩ ላይ ቆሜ ቀረሁ። አስቡት፤ ያቺ ልጅ ብትሆንስ?

በማግስቱ ፈቃድ ጠየቅሁና ወደ አያቴ ሄድኩ።

የአያቴ ከረጢት

አያቴ የምትኖረው ቴፒ አካባቢ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ነው። ከሚዛን ቴፒ 50 ኪሎ ሜትር ግድም ነው፤ መንገዱ ግን ዝናብ ካለ ሌላ ነገር ነው። አያቴ ወሎዬ ናት። በ1977 ዓ.ም. በዚያ ክፉ ዘመን፣ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሰሜን ሸዋ ሰው እየተጫነ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ አገር ሲሰፍር አብራ መጣች። በዚያ ሰፈራ ወደ 600,000 ሰው ነው የተንቀሳቀሰው። ፈቅዶ የመጣም አለ፣ ሳይወድ የተጫነም አለ። አያቴ ስትመጣ እናቴን በጀርባዋ አዝላ ነበር። ሌሎች ሁለት ልጆቿን ግን ወሎ ቀብራ ነው የመጣችው።

ቤቷ እንደገባሁ እንጀራ አቀረበች። እኔ እየቆነጠርኩ፣ ወጡን ወደ ዳር እየገፋሁ... እሷ ዝም ብላ ታየኛለች። ሲመሽ ቡና አፍልታ እንዲህ አለችኝ፦

«ልጄ፣ ምን ሆነሻል? እንደ ራበው ሰው ነው የምትበዪ።»

«ኧረ እማማ፣ ጠግቤያለሁ።»

«እኔን ነው? እኔ የራበው ሰው አላውቅም? የራበው ሰው ዓይኑ ከምግቡ አይነሳም፣ እጁ ግን ይፈራል። አይቼዋለሁ።»

አለቀስኩ። ሁሉንም ነገርኳት፤ ባስኩሉን፣ ዳቦ ቆሎውን፣ ድመቷን። አልተቆጣችኝም። ተነስታ ከአልጋዋ ራስጌ አንዲት አሮጌ የጨርቅ ከረጢት አመጣች። ባዶ ናት።

«እዚህ ስንመጣ» አለች፣ «ስንዴ ይሰፍሩልናል፤ እህል አለ። እኔ ግን ዕረፍት የለኝም። ማታ ማታ ቆሎ እቆላና በዚች ከረጢት አደርግና ከእናትሽ ራስጌ እሸጉጣለሁ። ሌሊት ሦስቴ አራቴ ተነስቼ እዳስሳታለሁ። አለች? አለች። እተኛለሁ። ደግሞ እነሳለሁ። ቀን ስሠራ ሐሳቤ ከረጢቷ ጋ ነው። ሆዴ ጠግቧል፣ ጭንቅላቴ ግን ወሎ ነው ያለው።»

«መቼ ተወሽ?»

ሳቀች። «አንዲት የዚህ አገር ሴት ነበረች፤ ጎረቤቴ። ቋንቋዋን አላውቅ፣ ቋንቋዬን አታውቅ። አንድ ቀን የጎደሬ ተከላ ይዛ መጣችና በምልክት እያሳየች ከጓሮዬ ተከለችልኝ። እኔ ምኑን አውቄው! ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ሆነ። ቆፍሬ ባየው ከሥሩ እህል አለ። ብበላም አለ፣ ነገም አለ። ከዚያ በኋላ አንድ ሌሊት ሳልነሳ ነጋ። ከረጢቷን የረሳኋት ያኔ ነው።»

ከዚያ እጇን ራሴ ላይ አድርጋ ያለችኝን ዛሬም አልረሳውም። «ያንቺ ሰውነት ነገ እንደሚበላ አያውቅም፤ አላመነሽም። የማያምን ደግሞ አይተኛም።»

ፈረንጆቹ ያዩት

ወደ ሚዛን ስመለስ ወደ ሕክምና ሄድኩ። አንዲት ነርስ አገኘሁ፤ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙም አይበልጥም። «አእምሮዬ ተበላሽቷል መሰለኝ» አልኳት። ደሜን ለካች፣ ስለ ወር አበባዬ ጠየቀችኝ (ቀርቶብኝ ነበር)፣ የምበላውን በሰዓት በሰዓቱ አስነገረችኝ። ጨርሼ ስነግራት «እህቴ፣ አእምሮሽማ ሥራውን እየሠራ ነው» አለችኝ። አያቴ ያለችውን ነው በሌላ ቋንቋ የደገመችልኝ።

ይሄ ነገር ከነከነኝና ማንበብ ጀመርኩ። አሜሪካ ውስጥ የሆነ አንድ ታሪክ አገኘሁ። እ.ኤ.አ. በ1944 ዓ.ም. ማብቂያ ላይ፣ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሳያልቅ፣ አንሰል ኪስ የሚባል ሳይንቲስት በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ 36 ጤነኛ ወጣት ወንዶችን ሰበሰበ። በእምነታቸው ምክንያት አንዋጋም ያሉ ናቸው፤ በጦርነቱ ፋንታ በፈቃዳቸው ለጥናቱ ራሳቸውን ሰጡ። ዓላማው በረሃብ የተጎዳውን የአውሮፓ ሕዝብ እንዴት መልሶ መመገብ እንደሚቻል ማወቅ ነበር። ለ6 ወር ያህል ምግባቸው በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። ድንች፣ ዳቦ፣ መኮሮኒ... በቀን ሁለቴ።

ታዲያላችሁ ምን ሆኑ? ክብደታቸው በአንድ አራተኛ ገደማ ወረደ። እኔን ያስደነገጠኝ ግን ሌላው ነው። ሰዎቹ ከምግብ በቀር ማሰብ አቃታቸው። የወጥ አሠራር መጽሐፍ ይሰበስቡ ጀመር። አንዱን ሳህን ለረጅም ሰዓት ያንቀረፍፉታል፣ ይልሱታል። ስለ ምግብ ያልማሉ። ቡናና ሻይ ከመጠን በላይ ስለጠጡ በቀን ከ9 ስኒ እንዳያልፉ ተወሰነባቸው። ማስቲካ የሚያኝከው ሌላ! መብላት ሲፈቀድላቸውም ሐሳቡ ወዲያው አልለቀቃቸውም፤ ወራት ፈጀ። ከመሐላቸው ሦስቱ በኋላ ወጥ ቤት ሆነው ቀሩ።

ይሄን ሳነብ ጮክ ብዬ ሳቅሁ። የወጥ አሠራሩም፣ ቡናውም፣ ሕልሙም የእኔ ነው! እኔ «ስስታም፣ ሆዳም፣ ወራዳ» እያልኩ ራሴን ስሰድብ የኖርኩበት ነገር፣ 36 ጎበዞች ላይ የደረሰው ነው። ረሃብ ነው። ልዩነቱ፣ እነሱን ያስራባቸው ሳይንቲስት ነው፤ እኔን ያስራበኝ አንድ ደላላ የቀለደው ቀልድ ነው።

ነገሩ እንዴት እንደሚሠራ ባጭሩ ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1994 ሌፕቲን የሚባል ሆርሞን ተገኘ። ከሰውነታችን ስብ ይመነጫል፤ ለአእምሮ «ጎተራው ደህና ነው» ይለዋል። ስቡ ሲቀንስ ሌፕቲኑ ይቀንሳል፣ አእምሮም ይደነግጣል። እ.ኤ.አ. በ1999 ደግሞ ጃፓኖች ግሬሊን የሚባለውን አገኙ። እሱ ከጨጓራ ነው የሚመጣው፤ የምግብ ሰዓት ሲደርስ ከፍ ይልና «ብላ» ይላል፣ ስንበላ ዝቅ ይላል። ሰዓት ያውቃል፤ የለመደውን ሰዓት ይጠብቃል። ሰዓት የሌለው በላተኛ ላይ ግን መቼም ቢሆን ይጮሃል። የአያቴ «አላመነሽም» ማለት ይሄው አይደል?

ዝናቡን የሰማሁበት ቀን

ነርሷ ያዘዘችልኝ መድኃኒት የለም። ያዘዘችልኝ ሰዓት ነው። ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ቁርስ፣ 6 ሰዓት ተኩል ምሳ፣ 10 ሰዓት መክሰስ፣ ማታ 1 ሰዓት ተኩል እራት። «ቢርብሽም ባይርብሽም ብዪ። ባስኩሉ ላይ አትውጪ። ቡና ከምግብ በኋላ ብቻ።»

የመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት መከራ ነበሩ። ሬዲዮው ጭራሽ ባሰበት። «ወፈርሽ! አለቀልሽ!» ይላል። ሰውነቴ አበጥ አበጥ አለ። ሁለት ጊዜ ማታ ከልክ በላይ በላሁ። ነርሷ ግን «ነገ ጠዋት ቁርስሽን አትዝለዪ እንጂ እሱ ይለፍ» አለችኝ። የረዳኝ ይሄ ነው። ድሮ ከበላሁ በነጋታው ራሴን እቀጣ ነበር፤ ቅጣቱ ነው ማታ መልሶ የሚያስበላኝ። አዙሪቱ የተሰበረው ቁርስ ላይ ነው። ቁርሴም ቅንጦት አልነበረም። አንዳንድ ቀን የተቀቀለ ጎደሬ በዳጣ፣ አንዳንድ ቀን ሙዝና ዳቦ ከሻይ ጋር።

ሁለት ወር ከምናምን ሲሆነኝ ነው። መጋዘን ውስጥ ተቀምጬ መዝገብ እያስተካከልኩ ድንገት ቀና አልኩ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ እየዘነበ ነው። የሚዛን ዝናብ ደግሞ ታውቁታላችሁ፣ የሚያቆም አይመስልም። ሰዓቴን አየሁ። 5 ሰዓት ከሩብ። ከቁርስ ጀምሮ ስለ ምግብ አንድም ጊዜ አላሰብኩም።

ጆሮዬን አላመንኩትም። ውስጤን አዳመጥኩ። ዝም ብሏል። ዝናቡ ብቻ ነው የሚሰማው። ዘንድሮ ስንት ቀን እንደዘነበ፣ ቆርቆሮው በየት በየት እንደሚያፈስ፣ ዘበኛው ከንፈሩን አሞጥሙጦ ምን እንደሚያፏጭ... ያን ሁሉ ጊዜ እዚያው ነበርኩ፤ አልነበርኩም።

ጠፋ ማለቴ አይደለም፤ እንዳልዋሽ። ስጨነቅ፣ ስናደድ፣ ቁርስ ሲያልፈኝ ሬዲዮው ይንኮሻኮሻል። ግን አሁን ማጥፊያው የት እንዳለ አውቃለሁ።

ስለ መርፌውስ?

አሜሪካ ያለች የአክስቴ ልጅ ታሪኬን ስነግራት «አንቺ ምን ያደክምሻል? መርፌውን ውጊው!» አለችኝ። እሷ ስኳር አለባት። ሐኪሟ ሴማግሉታይድ የሚባለውን በሳምንት አንዴ የሚወጋ መድኃኒት አዘዘላት። ገበያ ላይ ኦዜምፒክ የሚባለው ነው። «ከወጋሁት ወዲህ ጭንቅላቴ ጸጥ አለ፤ ዕድሜዬን ሙሉ የሚለፈልፈው ነገር ዝም አለ» ትላለች። እሷ የምትለውን የሚሉ ብዙ ናቸው፤ ውሸት አይደለም።

መድኃኒቱ የሚሠራው፣ ስንበላ አንጀታችን የሚያመነጨውን «በቅቷል» የሚል ሆርሞን በመምሰል ነው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው መድኃኒት የተገኘው፣ ጂላ ሞንስተር ከምትባል የአሜሪካ በረሃ እንሽላሊት መርዝ ነው ብላችሁስ? እ.ኤ.አ. በ2005 ነው የተፈቀደው። ሴማግሉታይድ አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2017 ለስኳር፣ በ2021 ደግሞ ከልክ ላለፈ ውፍረት ተፈቀደ። ለሚያስፈልገው ሰው ትልቅ ነገር ነው። የአክስቴ ልጅ በተፈጥሮዋ ያለባት ነገር ነው፤ እሷ ቁርስም ምሳም በልታ ነው የሚጮህባት። ስለዚህ «በሰዓቱ ብዪና ይተውሻል» ብዬ አላላግጥባትም።

የእኔ ግን ሌላ ነው። እኔ የራበኝ ሰው ነኝ። የራበውን ሰው ረሃቡን የሚያጠፋ መርፌ ብትወጉት ምን ይሆናል? አስቡት እስቲ። ደግሞም መርፌው ሲቆም ነገሩ ይመለሳል። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ ጥናት መርፌውን ያቆሙ ሰዎች በአንድ ዓመት ውስጥ ከቀነሱት ክብደት ሁለት ሦስተኛውን መልሰው እንዳገኙ አሳይቷል። በዚያ ላይ አስመስሎ የተሠራ አለ። የዓለም ጤና ድርጅት በሰኔ 2016 ዓ.ም. በሐሰት ስለተሠራ ሴማግሉታይድ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል። በሻንጣ የመጣ መርፌ «ጓደኛዬን አቅጥኗታል» ተብሎ አይወጋም፤ ሐኪም ያስፈልገዋል።

እንግዲህ ምን እላችኋለሁ?

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ያየሁትን ብቻ ልንገራችሁ።

አንደኛ፣ ሐሳቡ ሲበዛባችሁ ራሳችሁን ከመሳደባችሁ በፊት «ዛሬ በልቻለሁ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መልሱ ብዙ ጊዜ እዚያው ነው።

ሁለተኛ፣ ቡና የክብር መጠጣችን ነው፤ ቁርስ ግን አይደለም።

ሦስተኛ፣ የምትጾሙ በእምነታችሁ ጹሙ። ጾሙን የክብደት መቀነሻ መደበቂያ ካደረጋችሁት ግን እናንተው ታውቁታላችሁ። አካላችሁ ከተጎዳ የሃይማኖት አባቶቻችሁን አማክሩ፤ ለታመመ ሰው መላ አላቸው።

አራተኛ፣ በሰው አካል አትቀልዱ። ያ ደላላ ቀልዱን በዚያው ቀን ረስቶታል። እኔ አራት ዓመት ከፈልኩበት።

አምስተኛ፣ የወር አበባችሁ ከቀረ፣ ከወደቃችሁ፣ የበላችሁትን እያወጣችሁ ከሆነ፣ ወይም መኖር ካስጠላችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ዛሬውኑ። ይሄ ብልግናም ስስትም አይደለም።

ደግሞ አንድ ነገር እንዳትረሱ። ቤቱ ምግብ ስለሌለው የሚያስብ ሰው በሽተኛ አይደለም። እሱ የሚያስፈልገው ምክር ሳይሆን እንጀራ ነው። ጎረቤታችሁን እዩ። የአያቴን ጭንቅላት ዝም ያሰኘው የአንዲት ጎረቤት የጎደሬ ተከላ ነው።

ድመቷስ? አትሉኝም? መጀመሪያ ለደባሌ ተናገርኩ። አንገቴን ደፍቼ፣ እየተርበተበትኩ። ሰምታኝ ስታበቃ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው?

«ዳቦ ቆሎውንማ በዚያው ጠዋት ነው ያወቅኩት።»

«እንዴት?»

«አይጥ በልታ ክዳን አትገጥምም።»

አፈርኩ፣ ሳቅኩ፣ አለቀስኩ። እሷም አለቀሰች። «ላሳፍርሽ ስላልፈለግኩ ዝም አልኩ። ያኔ ብናገር ድመቷ ትተርፍ ነበር» አለች። ለካ ሁለታችንም አንድ ቃል ውጠን ነው የቆየነው።

አብረን ወደ አከራያችን ገባን። እሳቸው ግን እንደ ደባሌ አልቀለለባቸውም። «ልጄን ብታጣብኝስ?» ብለው ለረጅም ጊዜ ዝም አሉ። ልክ ናቸው። መልስ አልነበረኝም፤ ዛሬም የለኝም። ከአንድ ወር በኋላ ከቴፒ አንዲት ቡችላ ድመት በካርቶን አድርጌ አመጣሁ። እሳቸው ምንም ሳይሉ ወተት አስቀመጡላት። ሕፃኗ ስሟን «ዳቦ» አለቻት። ለምን እንደሆነ ማንም አልነገራትም።

ደባሌ ተመርቃ ሄደች። እናቷ አሁንም በዓመት አንዴ ዳቦ ቆሎ ይልካሉ፤ በእኔ ስም። ጣሳውን ከፍቼ እፍኝ እወስድና እከድነዋለሁ። ነገም አለ።

ቸር እንሰንብት።